«መሐል ከተማ አፓርታማ ሊሠራ ነው» ለሚለው ወሬ ቤት ይሸጣል ወይ?

«ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ጠባሴ በኩል ተከራይተን እንኖራለን። እናቴ ግን የምትኖረው መሐል ከተማ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ ሁለቱ አብረው በሠሩት የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ሁላችንንም ያስተማረችን እዚያው ጓሮ አረቄ እያወጣች ነው። ከመስቀል ወዲህ በሰፈሩ ሌላ ወሬ የለም። አካባቢው ፈርሶ ትልቅ አፓርታማ ሊሠራበት ነው፣ ቦታው ለአልሚው በነፃ ስለተሰጠ ዋጋው ይረክሳል፣ ቀድሞ ለተመዘገበ 30 በመቶ ቅናሽ አለ፣ ባንክም በዝቅተኛ ወለድ ያበድራል ይባላል። አንድ የምናውቀው ደላላ 200,000 ብር የመያዣ ከፍዬ እንድመዘገብ ይወተውተኛል። ይኸው ሰው እናቴን ደግሞ ‹እትዬ፣ ቤትዎ መፍረሱ አይቀርም፣ የካሳው ነገር ተስፋ የለውም፣ ገዥ አለኝና አሁኑኑ ይሽጡት› ይላታል። አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜም ይሸጥ ባይ ነው። ካርታው እስካሁን በአባቴ ስም ነው። እናቴ ከጭንቀት የተነሣ እህል መቅመስ ትታለች። ምን ይመክሩኛል?»

ውድ መምህርት፣

መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ላስረዳ። 200,000 ብሩን አይክፈሉ። የእናትዎም ቤት በዚህ ወሬ ምክንያት አይሸጥ። ይህን የምለው አፓርታማው አይሠራም ብዬ ስለማምን አይደለም፤ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ቢሠራም ባይሠራም፣ ዛሬ በጆሮ በተሰማው ላይ ብቻ ተመሥርቶ ገንዘብ የሚከፍልና ቤት የሚሸጥ ሰው ጉዳት ቢደርስበት ተጠያቂ የሚያደርገው አንድም ወገን አይኖረውም።

የደላላውን ሁለት ንግግሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመልከቷቸው። ለእርስዎ የሚነግርዎት ይህ ቦታ ነገ ዋጋው እጅግ ስለሚጨምር ቀድመው እንዲገቡ ነው። ለእናትዎ የሚነግራቸው ደግሞ ይኸው ቦታ ነገ ዋጋ ስለማይኖረው ቀድመው እንዲወጡ ነው። ቦታው በእርግጥ ከንቱ የሚቀር ቢሆን ኖሮ፣ ይዞት የሚመጣው ገዥ ገንዘቡን አውጥቶ የሚፈርስ ቤት የሚገዛበት ምክንያት ምንድን ነው? ገዥው ወይ አካባቢው ይፈርሳል የሚለውን አያምንም፤ ወይም ቢፈርስ እንኳ የሚገኘው ካሳና ምትክ አሁን ለእናትዎ ከሚቆጥርላቸው ገንዘብ እንደሚበልጥ አስልቷል። በሁለቱም መንገድ ብንሄድ ለእናትዎ የተነገራቸው ነገር ልክ ሆኖ አይገኝም። ደላላው ክፉ ሰው ነው ለማለት አልደፍርም፤ ምናልባትም የሰማውን አምኖ ይሆናል። ይሁንና እንጀራው ሻጭና ገዥ ሲገናኙ ከሚገኘው ኮሚሽን ነውና፣ «ትንሽ ቆዩ» የሚል ምክር ከእርሱ መጠበቅ አይገባም። ሻጭን በፍርሃት፣ ገዥን በተስፋ የሚያስቸኩል ወሬ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ወሬው ለምን በቀላሉ እንደታመነ ግን ይገባኛል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ፣ በዋናው የደሴ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በ1957 ዓ.ም ከተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ በ1999 ዩኒቨርሲቲው፣ በ2011 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲጨመሩ፣ የቢራና የሌሎችም ፋብሪካዎች ሲከተሉ፣ ከተማዋም ወደ ሪጂዮፖሊታንነት (በክልል ውስጥ ላሉ ትልልቅ ከተሞች የሚሰጥ ደረጃ ነው) ስታድግ የሕዝቧ ቁጥር ከቤቷ ቁጥር ቀድሞ ሄዷል። ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችንም መጠለያ የሚፈልጉት በዚህችው ከተማ ነው። እንደ እርስዎ ያለ ደመወዝተኛ ተከራይ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2016 በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች ከተዛመተ ወዲህ፣ መሐል ከተማ ያለ አሮጌ ቤት ሁሉ «መቼ ይሆን የሚፈርሰው» እየተባለ የሚታይ ሆኗል። እንዲህ ባለ ከተማ መሐል ላይ አፓርታማ ቢታሰብ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ የሚያስፈልግም ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም «ታስቧል»፣ «ተወስኗል» እና «ተጀምሯል» በሚሉት ሦስቱ መካከል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥም ሐሳቡ ሊቀየር፣ ቦታው ሊዛወር፣ አልሚው ሊተው ይችላል።

አንድ ፕሮጀክት ከወሬ አልፎ ቁም ነገር መሆኑ የሚታወቀው በሚተወው የወረቀት ዱካ ነው። በከተማ ውስጥ ቦታ በዘፈቀደ አይሰጥም፤ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የከተማ ቦታ የሚተላለፈው በጨረታ ወይም በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ በአስተዳደሩ ውሳኔ ነው። ጨረታ ከሆነ ማስታወቂያ ወጥቷል፣ አሸናፊው ተገልጿል፣ የሊዝ ውል ተፈርሟል፣ ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ያላነሰ ቅድመ ክፍያ ተከፍሏል ማለት ነው። ምደባ ከሆነ ደግሞ የካቢኔ ውሳኔ አለው፤ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ውሳኔ። «በነፃ ተሰጠ» የሚለው ቃል ከእነዚህ በአንዱ ካልተደገፈ ሰው የሰጠው ስም ነው እንጂ የሕግ ውጤት የለውም። ስለዚህ ወደ ከተማው የመሬት ልማትና አስተዳደር ቢሮ ሄደው፣ የእናትዎን ይዞታ ካርታ ቅጂ ይዘው፣ ያ አካባቢ በመዋቅራዊ ፕላኑ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ ዝርዝር የአካባቢ ልማት ፕላን ተሠርቶለት እንደሆነና ለመልሶ ማልማት የተለየ ቦታ ውስጥ ይውል እንደሆነ ይጠይቁ። ጥያቄውን በቃል ብቻ አያቅርቡ፤ በማመልከቻ ጽፈው መዝገብ ቤት ያስገቡና የገቢ ቁጥሩን ይያዙ። በጽሑፍ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት ለመመለስ የሚያደርገው ጥንቃቄ በመስኮት ከሚሰጠው መልስ የተለየ ነው፤ መልሱም ቢዘገይ እንኳ መጠየቃችሁ የተመዘገበ ይሆናል።

አሁን ወደ ማበረታቻው ልምጣ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይኸው ነውና። ሰዎች «ማበረታቻ አለው» ሲባል ለእነርሱ የተሰጠ አድርገው ይሰማሉ። በአገራችን የቤት ልማት ውስጥ ማበረታቻ ሲባል ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለሚገነባው ወገን ነው፤ ቦታ በቅናሽ ወይም በምደባ ማግኘት፣ የሊዝ ክፍያ የማይጠየቅበት የችሮታ ጊዜ፣ ለአንዳንድ የግንባታ ዕቃዎች የቀረጥ ነፃ መብት፣ መንገድና ውሃ በመንግሥት ወጪ እስከ ደጁ መድረስ። እነዚህ ሁሉ የአልሚውን ወጪ ይቀንሳሉ። የቀነሰው ወጪ ወደ ገዥው ኪስ የሚወርደው ግን ሲፈቅድ ሳይሆን ሲገደድ ነው፤ ይኸውም ቦታውን የሰጠው አስተዳደር «ከቤቶቹ ይህን ያህል በመቶኛ ለዚህ ዓይነት ነዋሪ፣ ከዚህ ዋጋ ባልበለጠ ትሸጣለህ» ብሎ በውሉ ውስጥ ካሰረው ነው። እንዲህ ያለ ግዴታ ከሌለ በርካሽ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት በገበያ ዋጋ ይሸጣል፣ ትርፉም የአልሚው ይሆናል። ስለዚህ «ማበረታቻ አለ ወይ» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም፤ «ማበረታቻው በማን ስም ተጻፈ፣ በምን ግዴታስ ታሰረ» ተብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

የ30 በመቶው ቅናሽ ደግሞ ከምን ላይ የሚቀነስ ነው? የአንዱ ካሬ ሜትር ዋጋ ስንት እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት አይተዋል ወይ? ያላዩ ከሆነ ቅናሹ ከየትኛውም ቁጥር ላይ ሊቀነስ የሚችል ነው፤ አስቀድሞ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ኋላ «ቀነስኩ» ማለት ደግሞ ለማንም አይከብድም። የዋጋ ማስተካከያ የሚባል አንቀጽም አለ፤ ሲሚንቶና ብረት ሲጨምር የቤቱ ዋጋ አብሮ ይጨምራል የሚል ነው። ይህ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ገደብ ሳይደረግበት ከገባ፣ ዛሬ በቅናሽ የገዙት ቤት ቁልፍ ሲረከቡ ከማንኛውም ገዥ የበለጠ ሊያስከፍልዎ ይችላል።

የባንኩም ነገር እንዲሁ ነው። ብድር የሚፈቅደው ባንኩ ራሱ ነው፤ ደላላውም አልሚውም ስለ ወለዱ መጠን ቃል መግባት አይችሉም። ደመወዝዎ የሚገባበት ባንክ ሄደው የብድር ክፍሉን ኃላፊ በቀጥታ ይጠይቁ፤ በመምህር ደመወዝ በወር ስንት ሊቆረጥብኝ ይችላል፣ በዚያ ልክ ስንት ብር ይፈቀድልኛል፣ ገና መሠረቱ ላልተጣለ ቤት ታበድራላችሁ ወይ፣ መያዣውስ ምን ይሆናል? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የእናትዎን ቤት የሚነካ ሆኖ ከተገኘ እዚያው ላይ ያቁሙት። ላልተሠራ አፓርታማ ሲባል የተሠራውን የእናት ቤት ማስያዝ የለብዎትም።

«ቀድሞ መመዝገብ» የሚለውም ከእኛው አገር ተሞክሮ አንጻር መመዘን አለበት። አዲስ አበባ ላይ ለኮንዶሚኒየም በ1997 ዓ.ም የተመዘገቡ ሰዎች አሉ፤ በ2005 ደግሞ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በተባሉት መርሐ ግብሮች (የመጀመሪያው ቁጥር ገዥው የሚቆጥበው፣ ሁለተኛው በብድር የሚሸፈነው መቶኛ ነው) እንደገና ምዝገባ ሲካሄድ ብዙ ሕዝብ ተሰልፏል። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቁ፣ ሲጠብቁም ዋጋው በየዙሩ የጨመረባቸው ብዙዎች ናቸው። በሐምሌ 2014 የወጣው የ14ኛው ዙር ዕጣም የተመዝጋቢዎች መረጃ ተነካክቷል ተብሎ መሰረዙን ያስታውሳሉ። ይህን የማነሣው መርሐ ግብሩን ለመንቀፍ አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ ከኪራይ ወጥቶበታል። የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ምዝገባ ተራ ይሰጣል እንጂ ቤት አይሰጥም። ሁለተኛውና ትልቁ፣ በዚያ መርሐ ግብር ቆጣቢው ገንዘቡን ያስቀመጠው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በራሱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነበር፤ ቤቱ ቢዘገይ ገንዘቡ ከነስሙ አለ። የእርስዎ ደላላ ግን የሚጠይቅዎት 200,000 ብር በማን ስም በተከፈተ ሒሳብ እንዲገባ ነው? በግለሰብ ስም ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ አብቅቷል፤ ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልገውም።

አንድ ቀን እውነተኛ አልሚ ከእውነተኛ ሰነድ ጋር ቢመጣ ደግሞ፣ ሲከፍሉ እንዲህ ይሁን። ውሉ ከደላላ ጋር ሳይሆን ከአልሚው ድርጅት ጋር ይሁን፤ የንግድ ፈቃዱን፣ የሊዝ ውሉን ወይም የቦታ ካርታውንና የግንባታ ፈቃዱን ዋናውን ይመልከቱ፣ ቅጂውን ይያዙ። ክፍያው በድርጅቱ የባንክ ሒሳብ፣ ግንባታው በደረሰበት ደረጃ እየተለካ ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ክፍል ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ ቡና ቤት ተቀምጦ ሦስት ምስክር አስፈርሞ የተጻፈ ወረቀት በችግር ቀን ሊያስጥልዎ አይችልም። በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሪል ስቴት ልማትና ግብይት አዋጅም የወጣው፣ ባለፉት ዓመታት ከገዥ ገንዘብ ተሰብስቦ ቤት ባለመሰጠቱ የደረሰው በደል በመብዛቱ ነው። አልሚው በዚህ አዋጅ መሠረት ፈቃድ ያለው መሆኑን እንዲያሳይዎ መጠየቅ መብትዎ ነው። ሲጠየቅ የሚቆጣ አልሚ ካጋጠመዎት ገና ከመግባትዎ በፊት ጠባዩን አሳይቶዎታልና አመስግነው ይመለሱ።

ለመመዝገቢያ ያሰቡትን ገንዘብ በተመለከተ ሌላ በር ልጠቁምዎት። በክልላችን የመንግሥት ሠራተኞች፣ በተለይም መምህራን፣ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ቦታ የሚያገኙበት አሠራር ቆይቷል። ሂደቱ አዝጋሚ ነው፣ ስብሰባው ያታክታል፣ አባላት ይጣላሉ። ቢሆንም ገንዘቡ በባንክ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጥና በማኅበሩ አባላት ስም የሚታወቅ ነው፤ ከእጅዎም ሲወጣ ወደ ግንባታ ነው የሚሄደው። የትምህርት ቤትዎን የመምህራን ማኅበር ተወካይና የከተማውን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ክፍል አሁን ምዝገባ እንዳለ ይጠይቋቸው።

ወደ እናትዎ ልመለስ። እርሳቸውን እህል ያስተዋቸው ፍርሃት ሊቀል የሚችለው መብታቸውን ሲያውቁ ነውና ይህን ክፍል ቢቻል ቁጭ ብለው ያንብቡላቸው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ይዞታን ሲያስለቅቅ የሚመራበት ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ በ2016 ማሻሻያ ስለተደረገበት ከማሻሻያው ጋር መነበብ አለበት። በዚህ ሕግ አሠራር ባለይዞታው አስቀድሞ ይወያያል፣ በጽሑፍ ማስታወቂያ ይደርሰዋል፣ ንብረቱ ይቆጠራል፣ ካሳውም ከመነሣቱ በፊት ይከፈለዋል። ለጭቃ ቤቱ የሚሰላው ካሳ «ይህ አሮጌ ቤት ስንት ያወጣል» ተብሎ አይደለም፤ ተመሳሳዩን ቤት ዛሬ ለመሥራት ስንት ይፈጃል ተብሎ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የመሬቱ ዋጋ በብር አይከፈልም፤ በእርሱ ፈንታ ምትክ ቦታ ወይም ቤት ይሰጣል። በአካባቢው ያሉ ባለይዞታዎች አቅሙ ካላቸው በግልም ሆነ በጋራ ሆነው ቦታውን ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ እንዳላቸውም አዋጁ ደንግጓል፤ የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው ሊመክሩበት የሚገባ ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው በደላላ እየተጠራ ከሚሸጥ ይልቅ አሥር አባወራ አብሮ ቢጠይቅ የሚሰማው አያጣም። በውሳኔው ወይም በካሳው ቅር የተሰኘ ደግሞ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት፣ ከዚያም ይግባኝ ማለት ይችላል።

ይህን ስል በተግባር ሁሉም ቦታ እንዲሁ ይፈጸማል ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኛል። ካሳ የዘገየባቸው፣ ምትክ ቦታ ተብሎ ውሃና መብራት የሌለበት ዳርቻ የደረሳቸው ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ መድኃኒቱ ግን ቀድሞ በርካሽ ሸጦ መሸሽ ሳይሆን ሰነድን አሟልቶ መጠበቅ ነው፤ ሰነዱ የተሟላ ሰው አቤቱታው ይሰማል፣ ያልተሟላው ግን ገና በር ላይ ይመለሳል። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፦ ካሳው እንዲጨምር ብሎ አሁን ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ለመገንባት የሚመክር ሰው ይመጣ ይሆናል። የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ከተሰጠ በኋላ ለተጨመረ ግንባታ ካሳ አይከፈልም፤ ያለ ፈቃድ የተሠራም ለክርክር ይዳርጋል።

እናትዎ ራሳቸው አፓርታማ ውስጥ ይኖሩ እንደሆነም ማንም የጠየቃቸው አይመስልም። አረቄ ለሚያወጣ ሰው ጓሮው የመሥሪያ ቦታው ነው። ድፍድፉ የሚቦካበት ጋን፣ እሳት ላይ የሚጣደው እንስራ፣ እንፋሎቱ የሚያልፍበት ሸምበቆ፣ መቀበያው የሚነከርበት ቀዝቃዛ ውሃ፣ የሚነደው ማገዶ፣ የሚወጣው ጭስ፤ ከእነዚህ አንዱም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ኩሽና ውስጥ አይገባም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንደሚለው በጋራ ሕንፃ ውስጥ ደረጃው፣ ጣራውና ግቢው የሁሉም ነው፤ ማኅበሩም መተዳደሪያ ደንብ ያወጣል፣ ለጽዳት፣ ለጥበቃና ለጥገና በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል። በበጋ ወራት ውርጭ እጅ በሚያደነዝዝበት ከተማችን ደግሞ፣ ጠዋት ከደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ለአንድ አዛውንት እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱም የውሃ ፓምፑም አብረው ይቆማሉ፤ በዚያን ቀን እናትዎ ውሃ በጀሪካን ተሸክመው ደረጃ ሊወጡ ነው ወይ? እርስዎና ልጆችዎ አፓርታማ ቢስማማችሁ ደስ ይለኛል፤ ለእርሳቸው ግን ምርጫ የሚሰጥበት ጊዜ ቢመጣ ምትክ ቦታ ይሻላቸው እንደሆነ ከአሁኑ ቀስ ብለው ይጠይቋቸው፣ የሚሉትንም እንደ ውሳኔ ይቀበሉት። አረቄው የሚሸጠው በፈቃድ ከሆነ የንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኞቹን ይሰብስቡ፤ ሕጉ መተዳደሪያ ገቢውን ላጣ ተነሺ የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳ የሚያውቅ በመሆኑ ገቢውን የሚያስረዳ ማናቸውም ወረቀት ዋጋ አለው።

ወንድምዎን በክፉ አልጠረጥረውም። አዲስ አበባ ሰፈር ሲፈርስ እያየ የሚኖር ሰው ቢፈራ አያስገርምም፤ ድርሻውን በጊዜ ቢፈልግም መብቱ ነው። ይሁን እንጂ እርሱም ደላላውም የዘነጉት ነገር አለ። ካርታው በአባትዎ ስም ነው ብለዋል። ስለዚህ ዛሬ ሁላችሁም ብትስማሙ እንኳ ያን ቤት በሕጋዊ መንገድ ሊሸጥ የሚችል ሰው በቤታችሁ ውስጥ የለም። እናትዎ ብቻቸውን ቢፈርሙ ውሉ ይፈርሳል፤ የተቀበሉትን ገንዘብም ይጠየቃሉ። ካሳ ቢመጣም በዚሁ ምክንያት ክፍያው ሊታገድ ይችላል።

ስለዚህ የዚህ ወር ሥራችሁ የመያዣ ክፍያ ማፈላለግ ሳይሆን የውርስ ጉዳይን መጨረስ ይሁን። የአባትዎን የሞት ማስረጃ፣ የእናትዎን የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆቹን ማንነት የሚያረጋግጡ ሰነዶችና ምስክሮች ይዛችሁ ሥልጣን ባለው የወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ጠይቁ። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተሠራ በመሆኑ ግማሹ አስቀድሞ የእናትዎ የግል ድርሻ ነው፤ ለልጆች በውርስ የሚተላለፈው የአባትዎ ግማሽ ብቻ ነው። ሚስት የባሏ የሕግ ወራሽ አይደለችምና ኑዛዜ ከሌለ ከዚያኛው ግማሽ አትካፈልም፤ ይህን ወንድምዎም እናትዎም አስቀድመው ቢያውቁት ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል። ማረጋገጫው ሲወጣ ያልተከፈለ የቦታና የቤት ግብር ካለ ከፍላችሁ፣ ካርታው በእናትዎና በወራሾቹ ስም እንዲዛወር አመልክቱ። እርስዎ ግን ስምዎ ካርታው ላይ ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ፦ በቤት ሥራ ማኅበር ለመደራጀት ካሰቡ፣ በውርስ የሚደርስዎ ድርሻ በከተማዋ ቤት እንዳለዎት ተቆጥሮ ከማኅበሩ ያስወጣዎት እንደሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱን ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ «ያስወጣል» ከሆነ ድርሻዎን ለእናትዎ ማስተላለፍ ወይም ከወንድምዎ ጋር መካካስ የሚቻለው ካርታው ከመሠራቱ በፊት ሲሆን ቀላል ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን ወጪውም ምልልሱም ይበዛል።